ካሴቱን ከመግዛትሽ በፊት

ሚጡዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናትሽም በጣም ደህና ነን።

የላክሽልኝን የፖኬሞን ኤመራልድ ጌም ካሴት መሸጫ ሊንክ ከፍቼ አየሁት። ዋጋው በጣም ረክሷል፤ እኔን ያሰጋኝም እሱ ነው። ኤመራልድ እዚህ አሜሪካ የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ፎርጅዱ እንደ አሸን ፈልቷል። በፎቶ ብቻ መለየት ደግሞ ከባድ ነው፤ ፎቶው ራሱ የሌላ ካሴት ሊሆን ይችላል። እባክሽ ብሩን አትላኪ። ቅዳሜ ባስ ያዢና ሱቅ ሂጂ። ሲያትል እያለሽማ ምን ቸገረሽ! ኢንተርናሽናል ዲስትሪክት ውስጥ ፒንክ ጎሪላ አለልሽ፤ የድሮ ጌም የሚሸጥ የግል ሱቅ ነው።

ካሴቱን ሲሰጡሽ መጀመሪያ የፊቱን ወረቀት ወደ ብርሃን አዘንብለሽ እዪው። ኦሪጅናሉ ላይ በቀለም ያልተጻፈ፣ ወረቀቱን ተጭኖ የተመታ ትንሽ ቁጥር አለ። ከዚያ ገልብጪና ከታች አፉን ተመልከቺ። ከወርቃማዎቹ መስመሮች ከፍ ብሎ ቦርዱ ላይ ኒንቴንዶ የሚል የአምራቹ ስም ተጽፎ ይታያል። ጽሑፉ ከሌለ ወይም ፊደሉ የተንጋደደ ከሆነ ተዪው። ከተጠራጠርሽ ደግሞ "ክፈቱልኝ" በይ። አትፈሪ፣ ነውር የለውም። ብሎኑ በተለመደው መፍቻ አይፈታም፤ ባለ ሦስት ክንፍ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ባለሱቅ ግን መፍቻው ከእጁ አይጠፋም።

ኮንሶል ላይ ሰክተውም ያሳዩሽ። ሲነሳ "ባትሪው አልቋል" የሚል መልእክት ቢመጣ አትደንግጪ። ኤመራልድ ላይ ባትሪው የሚያገለግለው ለሰዓቱ ብቻ ነው፤ ሴቭ ያደረግሽው አይጠፋም። ከኤመራልድ በፊት የወጡት ፖኬሞን ጎልድ እና ሲልቨር ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ ላይ ባትሪው ሲሞት ሴቩም አብሮ ይሄዳል። እነሱን የምትገዢ ከሆነ ባትሪው ተቀይሮ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተቀየረ ዋጋው ላይ ተከራከሪ፤ አዲሱን ባትሪ መበየድ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ካሴት አልሠራ ሲል እፍ አትበዪበት። ሁላችንም ያደግነው እፍ እያልን ነው፤ ግን የትንፋሽ እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል። ኒንቴንዶ ራሱ አታድርጉ ሲል ኖሯል። የጆሮ ጥጥ በአልኮል ነክረሽ መስመሮቹን ጥረጊ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ስኪው።

ለምን ሱቅ ሂጂ እንደምልሽ ልንገርሽ። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ ጌም ገዝቶ ቤቱ የሚያስቀምጥ ልጅ ብርቅ ነበር። ሰፈር ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብተን እንከፍላለን፣ የተሸነፈ ይነሳል። ባለቤቱ የሁላችንንም ስም ያውቅ ነበር። ማን አጭበርባሪ እንደሆነ፣ ማን ሳንቲም እንደጎደለው ሁሉ። ብር ያጠረውን "ነገ ታመጣለህ" ብሎ ያጫውተዋል። አንቺም እንዲህ የሚያውቅሽ ባለሱቅ ቢኖርሽ ደስ ይለኛል። የምትፈልጊው ካሴት ሲገባ ደውሎ የሚጠራሽ፣ የተበላሸ ቢደርስሽ ፊት ለፊት የምትነግሪው ሰው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2023 እ.ኤ.አ. ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የሚባል የጌም ታሪክ ጠባቂ ድርጅት ያወጣው ጥናት፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጌሞች 87 በመቶዎቹ ዛሬ በመደበኛ ገበያ እንደማይሸጡ አሳይቷል። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ኒንቴንዶ ስሪዲኤስ እና ዊ ዩ ለሚባሉት ኮንሶሎቹ ጌም የሚሸጥበትን የኦንላይን ሱቅ ዘጋ። እዚያ ብቻ ይሸጡ የነበሩ ጌሞችን ዛሬ ልግዛ ብትዪ የለም። ካሴትና ዲስክ ላይ ያሉት ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጋገሩ አሉ። የሚያጸዳቸው፣ ባትሪ የሚቀይርላቸው፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ገዢ የሚጠብቅላቸው እነዚህ ትንንሽ ሱቆች ናቸው። ጥቂት ብር ጨምረሽ እነሱ ዘንድ ብትገዢ ቅር አይለኝም። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።

የማትጫወቺባቸውን ጌሞችም ይዘሽ ሂጂ። ብዙዎቹ ሱቆች በጥሬ ብር ከሚሰጡሽ ይልቅ በዕቃ ቢለውጡልሽ የተሻለ ዋጋ ያስቡልሻል።

እዚያው እያለሽ ለፕሌይስቴሽን ዋን የወጣውን ፊፋ ሮድ ቱ ወርልድ ካፕ 98 ካየሽ ግዢልኝ። ዲስኩን ከሁለቱም በኩል እዪው። ከስር ያለ ጭረት በማሽን ሊስተካከል ይችላል፤ ሥዕሉ ባለበት በኩል የተጫረ ግን አይድንም፣ አትውሰጂው። ሜሞሪ ካርድም ጨምሪበት። የገና ዕረፍት ስትመጪ አብረን እንጫወታለን፤ እኔ ብራዚልን ይዣለሁ።

አባትሽ