ፈረስ እኛን አይመለከትም? ለውድድር ሜዳው አስተዳደር የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ጉዳዩ፦ ማሽን ስለዋጠው ትኬቴና ስለማይከፈተው መስኮት

ጤና ይስጥልኝ።

የታክሲ ሹፌር ነኝ። ቅዳሜ ማታ ሥራ አቁሜ እናንተ ጋ መምጣት ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ የሳበኝ ውርርዱ ሳይሆን ጋሪው ነው። አባቴ ናዝሬት ባለጋሪ ነበር። እዚህ አገር ጋሪ እንደሚያሽቀዳድሙ ደውዬ ስነግረው «ጭነቱስ?» አለኝ። ጭነት የለውም ስለው ሳቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተምሬያለሁ። በሶምሶማ የሚሄደውን ፈረስ፣ እንደ ሰጋር በቅሎ የአንድ ጎኑን እግሮች አብሮ ከሚያነሳው እለያለሁ። ፈረሱ አረማመዱን ስቶ መጋለብ ከጀመረ ነጂው ገታ አድርጎ ማስተካከል አለበት። ያኔ ገንዘቤም አብሮ እንደሄደ አውቃለሁ። ገንዘቤ ሲበላ አላኮርፍም።

ቅሬታዬ ወዲህ ነው። ባለፈው ወር፣ ስድስተኛው ውድድር ላይ፣ 5 ቁጥር ያሸንፋል ብዬ 20 ዶላር አስያዝኩ። የክፍያ ሰሌዳው ስምንት ለአንድ ይላል፤ ካሸነፈ ላስያዝኩት ለእያንዳንዱ ዶላር ስምንት አተርፋለሁ ማለት ነው። ለመነሻው 0 ደቂቃ ቀረ ካለ በኋላ ፈረሶቹ ስድስት ደቂቃ ሲንሸራሸሩ ቆዩ። ፈረሶቹን ከኋላው አሰልፎ የሚያስነሳው መኪና የበሩን ክንፎች አጥፎ ሲፈተለክ ሰሌዳው ሦስት ለአንድ ሆነ። 5 ቁጥር አሸነፈ። ካስያዝኩት ጋር 180 ዶላር ያልኩት 86 ሆነ፤ ሰሌዳው ሽርፍራፊውን አያሳይም።

ይህን ሕጉ ይፈቅዳል። የምንወራረደው እርስ በርሳችን ነው። እናንተ ድርሻችሁን ቀድማችሁ ታነሳላችሁ፣ የቀረውን ያሸነፉት ይካፈሉታል። ከሌላ ቦታ በኮምፒውተር የሚገባው ገንዘብ መጨረሻ ላይ ይደርሳል፤ ሰሌዳው የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። ግን ሰው ሲበዛ የአንድ ሰው ገንዘብ ዋጋውን እንዲህ አይንደውም ነበር። ድስቱ ትንሽ ሲሆን አንድ ጭልፋ ታራቁተዋለች።

ትኬቱን ከፋዩ ማሽን ውስጥ ከተትኩት። ዋጠው። ገንዘብም አልሰጠኝ፣ ትኬቱንም አልመለሰልኝ። ድሮ በመስኮት የሚከፍሉ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ምድር ቤቱ ራሱ ተቆልፏል። እዚያው እናንተ ጋ ያሉት ቁማር ማሽኖች ዘንድ ሄጄ ብጠይቅ ሠራተኛዋ «ፈረስ እኛን አይመለከትም» አለችኝ። ፎርም ሞላሁ። አምስት ሳምንት ሆነው፣ መልስ የለም።

እንዴት አይመለከታችሁም? በብዙ ክፍለ ግዛቶች እኮ እነዚህ ማሽኖች የተፈቀዱት ፈረሱን ያድናሉ ተብሎ ነው። እርግጥ የውድድሩን ሽልማት ይደጉማሉ። ለዚህም ነው እኔ ብመጣም ብቀርም ግድ የማይሰጣችሁ። ፈረሱ የሚሮጠው ለማሽኖቹ ፈቃድ ሲባል ሆኗል።

አጠገቤ የሚቀመጡት ሽማግሌ ስለ ኒው ዮርኩ ሩዝቬልት ሜዳ አውርተው አይጠግቡም። የማስነሻውን በር የያዘው መኪና የተጀመረው እዚያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1946። በአንድ ማታ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበት ያውቃል። በ1988 ተዘጋ። ኒው ጀርሲ ያለው ፍሪሆልድ ከ1850ዎቹ ጀምሮ ፈረስ ሲሮጥበት ኖሮ በ2024 መጨረሻ ተዘጋ። ያን ሰሞን ሽማግሌው ፕሮግራማቸውን ገዝተው አንድም ውርርድ ሳይቆርጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እነዚያ ሜዳዎች ግን ሲዘጉ ተዘጉ ተባለ። የእናንተ መብራቱ በርቶ ነው የተዘጋው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። 86 ዶላሬን ስጡኝ። 0 ካላችሁ በ0 አስነሱ። ቅዳሜ ማታ አንዲት መስኮት ክፈቱ፣ አንድ ሰው አስቀምጡ። ሽማግሌው ማሽኑን በጣታቸው ሲጠነቁሉ ውድድሩ ያመልጣቸዋል፤ እኔ ልቁረጥልዎ ስላቸው ደግሞ ያፍራሉ።

ትኬቱን ሳልከተው በፊት ፎቶ አንስቼዋለሁ። የታክሲ ሥራ ያስተማረኝ ልማድ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ቁጥሩ በደንብ ይነበባል። ስልኬ ፎርሙ ላይ አለ። ከደወላችሁ ከምሳ በፊት ይሁን፣ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የ19 ዓመት ደንበኛችሁ