ለእስራኤል የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን፦ ስለ ኤይላት ኮራል በአማርኛም አስረዱን

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ ይሄን የምጽፍላችሁ ኤይላት፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ስላለው የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ቦታ ነው። እኔ የዳይቪንግ (ባሕር ውስጥ የመጥለቅ) ሰርተፍኬት ካወጣሁ ጀምሮ ገንዘብም ጊዜም ባገኘሁ ቁጥር ወደዛ ነው የምወርደው። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ማዶ የአቃባ ተራሮች ቁልጭ ብለው ሲታዩ የአየር ታንኩን ተሸክሜ ስገባ በቃ የሳምንቱ ድካም እዛው ዳር ላይ ይቀራል። የሙሴ ድንጋይ የምትሉት ጋ ስትደርሱ እነዛ ብርቱካን የሚመስሉ ትንንሽ ዓሶች ድንጋዩን እንደ ንብ መንጋ ከበውት ነው የምታገኟቸው፣ ጎኑ ደግሞ የኢያሱ ድንጋይ አለ። ለእናቴ የሁለቱን ስም ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እስከ ባሕር ድረስ?» ነው ያለችኝ።

የምጽፍላችሁ ግን በአጎቴ ምክንያት ነው። አጎቴ ደንቢያ ጣና ዳር ያደጉ፣ ታንኳ ላይ ከልጅነታቸው የኖሩ ሰው ናቸው፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡ፣ ውኃ አያስፈራቸውም። ባለፈው እኔ ነኝ ለምኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠልቁ ሰዎች የሚደረገውን ከአስተማሪ ጋር የሚገባበትን ዳይቭ እንዲሞክሩ ያደረግኳቸው። ቦታውን ስሙን አልጠራም፣ አስተማሪውም ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ለሰባት ስምንት ሰው ባንዴ በፈጣን ዕብራይስጥ ተናግሮ ጨረሰ፣ የጤና ፎርሙንም ሁሉም እየፈረመ አቀበለ፣ አጎቴም ፈረሙ። ዕብራይስጥ ይሰማሉ እኮ፣ ሥራ ቦታ ይግባባሉ፣ ሱቅ ይግባባሉ፣ ግን ስለ ጆሮ ግፊትና ስለ ሳንባ በዛ ፍጥነት ሲነገር ሌላ ነገር ነው። እኔ ደግሞ ዳር ቆሜ ገብቷቸዋል ብዬ ዝም አልኩ፣ ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥቂት ሜትር እንደወረዱ ጆሯቸውን አመማቸው። አፍንጫን ይዞ ቀስ አድርጎ መንፋት እንደሚገባ አልያዙትም። አስተማሪው በእጁ ሲጠይቃቸው ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣታቸውን አነሱ፣ ውኃ ውስጥ ደግሞ እሱ ወደ ላይ እንውጣ ማለት ነው፣ ስለዚህ አስተማሪው ወደ ላይ ሲስባቸው እሳቸው ደንግጠው እግራቸውን ዘረጉና ኮራሉ ላይ ቆሙ። ቅርንጫፉ ቀሽ ብሎ ተሰበረ። ከወጡ በኋላ ጆሯቸው ሳይሆን ያ ነው ያሳዘናቸው፣ ድንጋይ መስሏቸው ነበር፣ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን የነገራቸው የለም። «ልጄ፣ ብትነግረኝ ኖሮ እኮ እግሬን አጥፌ እንሳፈፍ ነበር» አሉኝ።

ቅርንጫፍ ያለው ኮራል በዓመት የሚያድገው በሴንቲሜትር ነው፣ ድፍኑ ደግሞ ከዛም ያነሰ፣ ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ሰከንድ የሰበረው ለመመለስ ዓመታት ይፈልጋል። ኤይላት ደግሞ ያለን የባሕር ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ጥብቅ ቦታው ውስጥ ያለው ሪፍ (ኮራሉ የሠራው የባሕር ውስጥ ዐለት) 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2002 የታተመ ጥናት እዛች ጠባብ ዳርቻ ላይ በዓመት ከ250,000 በላይ ዳይቭ ይደረጋል ብሎ ነበር። ተመራማሪዎች የዚህ የኤይላት (የአቃባ) ባሕረ ሰላጤ ኮራል ከሌላው ይልቅ ሙቀት ይችላል ይላሉ፣ ምክንያቱም ዘሩ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት በቀይ ባሕር ደቡብ ጫፍ ባለው በባብ ኤል መንደብ መተላለፊያ ገብቶ በደቡቡ ቀይ ባሕር ሙቀት ተፈትኖ ነው ወደ ሰሜን የደረሰው። በሌላው ዓለም ሪፍ ሲነጣና ሲሞት ይሄ ሊተርፍ ይችላል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ነው። ሙቀቱን ቢችልም የሰው እግር ግን አይችልም።

ማስረዳት ዋጋ እንዳለው ደግሞ የታየ ነገር ነው። ጎረቤታችን ግብፅ ራስ መሐመድ ፓርክ ውስጥ ተጠንቶ በ1997 የወጣ ጥናት አለ፣ ጠላቂዎቹ በሥዕል የታገዘ የ45 ደቂቃ ማብራሪያ ከማግኘታቸው በፊት በ7 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ 1.4 ጊዜ ሪፉን ይነኩ ነበር፣ ከተነገራቸው በኋላ 0.4 ሆነ። ያው ሰው፣ ያው ባሕር ነው፣ የተጨመረው የገባቸው ማብራሪያ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ ወደ ጥብቅ ቦታው ለሚገባ ሰው በሙሉ በሚገባው ቋንቋ አጭር ማብራሪያ ግዴታ ይሁን፣ ከቋንቋዎቹም አንዱ አማርኛ ይሁን። የጠላቂ ድርጅቶች ፈቃድ በሌላ አካል እጅ እንዳለ አውቃለሁ፣ የሪፉ በር ግን የናንተ ነው። ብዙ ወጪ አይጠይቅም፣ አንድ የአስር ደቂቃ ቪዲዮና አንድ ገጽ ሥዕል ያለው ወረቀት ይበቃል፦ የእጅ ምልክቶቹ፣ ጆሮ እንዴት እንደሚከፈት፣ ትንፋሽ ይዞ መውጣት ለምን ሊገድል እንደሚችል፣ ኮራል እንስሳ መሆኑን፣ ሲደክምህ የት እንደምትይዝ። የጤና ፎርሙም በአማርኛ ይኑር፣ ሰው ያልገባውን ነገር ፈርሞ ባሕር እንዳይገባ።

ትርጉሙን እኔ በነፃ እሠራለሁ፣ ድምፁንም እናቴ ታነብላችኋለች፣ ሽማግሌ እሷን ይሰማል። አጎቴ እስካሁን እንደገና መግባት ይፈልጋሉ፣ የሙሴን ድንጋይ ሳላይ አልቀርም ይላሉ፣ እኔም ወረቀቱ እስኪደርስ ድረስ ሳሎን ቁጭ ብለን የእጅ ምልክቶቹን እያስጠናኋቸው ነው።