የእንግዳ ቆይታ ማራዘሚያ በዋስ፣ ባሕር ዳርም ላይ ይሰጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከውጭ አገር ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጡ ወገኖቻችንና ለቤተሰቦቻቸው ስለሚሰጠው ቪዛ ብዙ ይጻፋል፤ ነገር ግን የሚጻፈው ሁሉ ስለ መግቢያው ነው። የገባው እንግዳ ቆይታውን ማራዘም ቢያስፈልገው የት ሄዶ፣ በማን ዋስትና እንደሚያራዝም የሚያነሣ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። በዚህ ጉዳይ ያለኝን ሐሳብ በአንባቢያን ዓምድ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጉዳዩን እንዳስብበት ያደረገኝ በቤተሰባችን የደረሰ ነገር ነው። ታላቅ እኅቴ ደብረ ማርቆስ ላይ ባረፈች ጊዜ ሜልበርን የሚኖረው ልጇ ከባለቤቱ ጋር ገስግሶ ለሠልስቱ ደረሰ። እሱ የአውስትራሊያ ዜጋ ቢሆንም በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ስለያዘ ቪዛ የጠየቀው አልነበረም። ባለቤቱ ግን እ.ኤ.አ. ከ1975 በኋላ አገራቸውን ጥለው ከተሰደዱ ቬትናማውያን ወላጆች አውስትራሊያ የተወለደች ናት፤ ቢጫ ካርዱን በእሱ በኩል የማውጣቱን ነገር ገና አልጀመሩትም ነበርና መርዶው እንደደረሳቸው በኢንተርኔት የቱሪስት ቪዛ ሞሉላት። የ30 ቀንና የ90 ቀን ምርጫ ቀርቦላቸው 30ውን መረጡ። ለምን 90ውን አልሞሉም የሚል ሰው ይኖራል፤ እናቱ እንደሞተች በሰማ ሰዓት ተዝካር መቼ እንደሚውል አስልቶ ቅጽ የሚሞላ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

ለሠልስት የደረሰ እንግዳ የ30 ቀን ቪዛ ይዞ አርባውን አይደርስም፤ አንድ ሳምንት ያህል ይጎድለዋል። ምራታችን ጌሾ ሲወቀጥና እህል ሲለቀም ከሴቶቹ ጋር ስትደክም ሰንብታ፣ ቀኑ መቃረቡን ስናይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ብንጠይቅ ማራዘሚያው የሚታየው አዲስ አበባ ብቻ ነው ተባልን። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰላሙ ጊዜ ማልዶ ለተነሣ ሰው ከባድ መንገድ አልነበረም፤ በዚያ ሰሞን ግን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን የሚዘጋ ስለነበር ዓባይን ተሻግሮ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ማራዘሚያውን አልተከለከለችም፤ ተሰጥቷታል። ነገር ግን የእኅቴ ተዝካር ሲወጣ ልጇ እድምተኛውን ብቻውን ሲያስተናግድ ዋለ፤ ሚስቱ አዲስ አበባ ሆና መንገድ እስኪከፈት ትጠባበቅ ነበር።

ያስገረመኝ ከዚያ ወዲያ ያየሁት ነው። የእኅቴ ልጅ ፓስፖርቱን ከፍቶ የቬትናም መንግሥት የሰጠውን የቪዛ ነፃነት ማስረጃ አሳየኝ። እንግዲህ ይህ ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው፣ የቬትናም ተወላጅ አግብቷል ተብሎ፣ ወደ ሚስቱ ወላጆች አገር እስከ 5 ዓመት ድረስ ያለ ቪዛ እየተመላለሰ መግባትና በገባ ቁጥር እስከ 6 ወር መቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ወረቀቱ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቄና አንብቤ ለመረዳት ሞክሬያለሁ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር በአንድ ጊዜ የሚፈቅደው 90 ቀን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 82ኛው ድንጋጌ ወደ 6 ወር ከፍ ብሏል። የሚመለከታቸውም ውጭ አገር የሚኖሩ ቬትናማውያን፣ የውጭ ዜጋ የሆኑ የትዳር ጓደኞቻቸውና ልጆቻቸው፣ እንዲሁም የቬትናም ዜጋ ያገቡ የውጭ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። የማስረጃው ዘመን ከፓስፖርቱ ዘመን ቢያንስ በ6 ወር ማነስ አለበት፤ ስለዚህ ፓስፖርቱ ሊያልቅ የተቃረበ ሰው አስቀድሞ ማደስ ይኖርበታል።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የማራዘሚያው ሥርዓት ይመስለኛል። 6 ወሩ ያልበቃው ሰው በቂ ምክንያት ካለውና በአገሪቱ ውስጥ ያለ ድርጅት ወይም ግለሰብ ዋስ ከሆነው፣ በአንድ ጊዜ ከ6 ወር ያልበለጠ ማራዘሚያ ሊሰጠው ይችላል፤ ማመልከቻውንም ዋና ከተማ ሃኖይ ድረስ ሳይሄድ በሚኖርበት ክፍለ ሀገር ባለው የኢሚግሬሽን ክፍል ያቀርባል። ይህ የሚሆነው ቬትናም ቁጥጥር የላላባት አገር ስለሆነች አይደለም። እዚያ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ሰው፣ ሆቴልም ይሁን መኖሪያ ቤት፣ እንግዳው በደረሰ በ12 ሰዓት ውስጥ ለአካባቢው ፖሊስ ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ሩቅ በሆኑ ቦታዎች 24 ሰዓት ይፈቀድለታል። ማን የት እንዳደረ በየቀበሌው ስለሚታወቅ ማራዘሚያውንም እዚያው በቅርብ ለመስጠት አያስፈራቸውም።

ሕጋችን ከእነሱ ያነሰ ነው ማለቴ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሰጠው መብት ከቬትናሙ ወረቀት በብዙ ይሰፋል። መታወቂያውን የያዘ ሰው የመግቢያ ቪዛም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ መሥራት ይችላል፣ በኢንቨስትመንት እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆንም ተፈቅዶለታል። የተከለከለው መምረጥና መመረጥ፣ እንዲሁም በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ነው። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው መታወቂያውን መጠየቅ መቻሉም፣ በዜግነት አዋጁ ምክንያት የሌላ አገር ፓስፖርት ሲይዙ ኢትዮጵያዊነታቸውን ላጡ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች ትልቅ መጽናኛ ነው። ችግሩ ያለው ካርዱ በእጁ ባልገባ ዘመድ ላይ ነው፤ ለእሱ ያለው የቱሪስት ቪዛ ብቻ ሲሆን፣ የቱሪስት ቪዛ ደግሞ ለለቅሶና ለተዝካር የተሰፋ ልብስ አይደለም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ፣ እንግዳው ያረፈበት ቤት አባወራ ወይም እማወራ ዋስ ሆነው በአቅራቢያቸው ማራዘሚያ እንዲያገኙለት ነው። ዋስ መሆን ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለገበያ ብድር፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ለደም ዕርቅ ሳይቀር ዋስ ሲጠራ የኖረ ሕዝብ ለእኅቱ ልጅ ሚስት ዋስ ለመሆን አያመነታም። ዋሱ የፋይዳ መታወቂያውንና እንግዳው በቤቱ ማረፉን የሚያረጋግጥ የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ ይቅረብ፤ እንግዳው ከተፈቀደለት ቀን አልፎ ቢገኝ ቅጣቱን ዋሱ እንደሚከፍል ይፈርም። ፓስፖርት ባሕር ዳር ላይ ማውጣት እንደሚቻል እናውቃለን፤ ያው ቅርንጫፍ የማራዘሚያውን ማመልከቻ ተቀብሎ ቢወስን፣ ቢያንስ ተቀብሎ ወደ አዲስ አበባ ቢልክና ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ለእንግዳው ሕጋዊ ደረሰኝ ቢሰጥ፣ ሰው አገር ለአገር አይንከራተትም።

የሐሰት ዋስ ይበዛል የሚል ስጋት እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ የእንግዳውንም የእኛንም ቤት አያውቅም፤ ቀበሌው ያውቃል። ሁሉም በኢንተርኔት ይለቅ ለሚሉት ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አስታውሳለሁ። በዚያ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ቪዛው ያለቀበት እንግዳ ምን ያድርግ? ቅጣቱ እንደሆነ በየቀኑ ይቆጠራል፤ ኔትወርክ ጠፋ ብሎ አይቆምም።

ይህ ለለቅሶ ለመጣ ሰው ብቻ አይደለም። የውርስ ክርክር ይዞ ፍርድ ቤት ለሁለት ወር የቀጠረው ወራሽ፣ የታመመ አባቱን የሚያስታምም ልጅ፣ በጣና ገዳማት የብራና መጻሕፍትን የሚያጠና ተመራማሪ፣ ሁሉም ያው መስኮት ላይ ይደርሳሉ።

የኢሚግሬሽንና የዜግነት አገልግሎት በዚህ ጋዜጣ በኩል ሁለት ነገሮችን ቢያስረዳን ደስ ይለናል፤ የቱሪስት ቪዛ ማራዘሚያ ከአዲስ አበባ ውጭ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚሰጥ ወይም ሊሰጥ እንደታሰበ፣ እንዲሁም ቢጫ ካርድ የያዘ ሰው የትዳር ጓደኛ አገር ውስጥ ከገባች በኋላ ለካርዱ ማመልከት ትችል እንደሆነ። የእኅቴ ልጅና ባለቤቱ ለሙት ዓመቱ እንመጣለን ብለዋልና መልሱን ከወዲሁ ብናውቀው ይጠቅመናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም