እበልጣለሁ ባዩን የት እናስቀምጠው?

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከአሥራ ሁለት ጓደኞችሽ ጋር የሐበሻ ቀሚስ የምትሠሩበት ማኅበር ልታቋቁሙ ስትነሡ፣ አንዱ «ሰው መብለጥ ይወዳል፤ ከካፒታሊዝም ሌላ የሚሠራ ነገር የለም፤ በደርግ ጊዜ አይተነዋል» ብሎ ልባችሁን አቀዘቀዘው አልሽኝ። ሰው መብለጥ መውደዱ እውነት ነው። «ስለዚህ አይሠራም» ያለው ግን እቁብን ሳያይ ነው።

እዚህ ቅዳሜ ገበያ ሃያ ነጋዴ በየሳምንቱ 1,000 ብር ይጥላል እንበል። ዕጣው 20,000 ነው፤ ዙሩ በ20 ሳምንት ያልቃል። ሁሉም እኩል ይጥላል፣ እኩል ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው ወደ ሱቁ የሚመለሰው የ19,000 ብር ዕዳ ይዞ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቢጠፋ የሚጎዱት አሥራ ዘጠኙ ናቸው። ስለዚህ ዳኛው ዋስ ሳይጠራ ብር አያስረክብም፤ ዋሱም ገና ዕጣ ያልደረሰው አባል ቢሆን ይመረጣል፣ ከእሱ መቁረጥ ይቀላልና። ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ግን የዕጣ ሽያጭ ነው። ዕቃ ሊያመጣ የቸኮለ ነጋዴ ዕጣ ለወጣለት ሰው 1,000 ወይም 1,500 ብር ሰጥቶ ተራውን ይገዛል። መቅደም የፈለገው ቀደመ፤ የመቅደሙን ዋጋ ደግሞ ለጓደኛው ከፈለ። ማንም ስግብግብ ብሎ አልሰደበውም፣ ጉጉቱ ተመን ወጣለት።

ገበሬዎች ተራ በተራ አንዱ በሌላው ማሳ የሚሠሩበት ወንፈልም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን በአንድ ቀን ይመለሳል፤ መምጣት ያልቻለ በምትኩ ሌላ ሰው ይልካል። (ደቦ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚቆጠረው ጠላው ነው።)

ገበሬዎች መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው የሚያርሱባቸው የደርግ ዘመን የአምራቾች ማኅበራት መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች ነበሯቸው። በመልባ ለአባሉ ትንሽ የጓሮ መሬት ይተርፈዋል፤ ወላንድ ሲደረስ እሷም ትቀራለች። ገቢው የሚከፋፈለው በሥራ ነጥብ ነበር። ማን እንደዋለ መመዝገብ ቀላል ነው፤ ማረሻው ምን ያህል እንደጠለቀ ግን ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ አይታይም። ጓሮ ያለው ጉልበቱን ለጓሮው ቆጠበ። እህሉ ደግሞ በኮታ፣ መንግሥት በተመነው ዋጋ ይሄዳል። ለሚበልጥ ሰው የቀረለት መንገድ ሊቀመንበርነት ብቻ ነበር፣ ያውም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር! በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹን በወራት ውስጥ የበተኗቸው አባላቱ ራሳቸው ናቸው። በዚያው ዘመን እቁብም ይጣል ነበር፤ እቁቡ አልፈረሰም።

ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ በኩል ያለችውን የአውራ አምባን መንደር በምሳሌነት ጠቅሰሻል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ አለች፤ የማኅበሯ አባላት ገቢያቸውን እኩል ይካፈላሉ። እናንተ ግን በእኩል ክፍፍል አትጀምሩ። እነሱ አብረው ይኖራሉ፣ እምነታቸውም አንድ ነው፤ እናንተን የሚያገናኛችሁ ሥራ ብቻ ነው።

ቀሚሱን በስፌት መኪና መግጠም የሰዓታት ሥራ ነው፤ ደረቱንና ጫፉን በእጅ መጥለፍ ቀናት ይፈጃል። ገቢውን ለአሥራ ሦስት እኩል ብትቆርሱት፣ እጇ የተባረከ ጠላፊያችሁ በሦስተኛው ወር ለብቻዋ ትከፍታለች፤ ደንበኛውም ተከትሏት ይሄዳል። ጥልፍ በቁራጭ ይከፈል፣ ስፌትም በቁራጭ። የክፍያውን ጣሪያ ግን ገና ገንዘብ ሳይገባ ወስኑት፤ ከፍተኛው ከዝቅተኛው 3 እጥፍ አይለፍ። በስፔን ባስክ እ.ኤ.አ. በ1956 የተጀመረው ሞንድራጎን የተባለው የሠራተኞች ማኅበራት ስብስብ መጀመሪያ በ3 እጥፍ ነበር የሚሠራው፤ ኋላ ትልልቅ ባለሙያዎች እንዳይሄዱበት ወደ 6 ገደማ ከፍ አድርጎታል። ፍትሐዊ መሆን ከገበያ እንደማያድን ግን እወቂ፤ ከዚያው ወገን የነበረው የቤት ዕቃ አምራቹ ፋጎር እ.ኤ.አ. በ2013 ከስሯል። የቤት ግንባታው ሲቆም የምድጃና የማቀዝቀዣ ገዢ ጠፋ፣ ዕዳው ቀረ።

ክርና ሸማ የምትገዛው ልጅ ዕቃውን ራሷ አትረከብ፤ ተቀባይዋ ሌላ ትሁን። ባንኩ ያለ ሁለት ፊርማ ብር እንዳያወጣ አድርጉ። ሊቀመንበርነት ሁለት ዓመት ይበቃል። የወሩ ሒሳብ በፋይል ውስጥ ሳይሆን በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ጭቅጭቅ ቢያመጣም ያምጣ፣ በጓሮ ከሚወራ ይሻላል።

ሥራው ሲሰፋ የሚመጣ ፈተና አለ፣ ብዙ ማኅበርም ሳያውቀው በሱ ያልቃል። አሥራ አራተኛዋን ሠራተኛ በአባልነት ከመቀበል በደመወዝ መቅጠር ይቀላል፤ ትርፉን አትካፈልማ። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከሄደ አሥራ ሦስት አለቃና ሠላሳ ቅጥር ትሆናላችሁ። ስለዚህ ዓመት የሠራች ሁሉ አባል የመሆን መብት እንዳላት ደንቡ ላይ ይጻፍ፤ የመግቢያው ድርሻም ከደመወዟ በየወሩ የሚቆረጥ ይሁን፣ በአንዴ ክፈይ ከተባለች አትችልም።

ለቆ የሚሄድ አባል ድርሻውን ይወስዳል፣ መብቱ ነው። በአንድ ጊዜ ከወሰደ ግን የስፌት መኪና መግዣውን ይዞባችሁ ይሄዳልና በ12 ወር ተከፋፍሎ ይሰጠው። የደንቡን ረቂቅ ስትጨርሱ ላኪልኝ፤ መጀመሪያ የማየው ይህንን የመውጫ አንቀጽ ነው።

እናትሽ ሽሮውንና በርበሬውን በሰው ልካለች፣ ሲደርስሽ ደውይላት።

አባትሽ