የሰው ስም ስልክህ ላይ አትጻፍ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለአቡሽ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትህ ጉልበት ከክረምቱ ወዲህ ተሽሏታል። እህትህ ለፈተና እያጠናች ነው፤ ሌሊት ሌሊት መብራት ሲጠፋ በሻማ ታነባለች።

ይህን ደብዳቤ ለሰላምታ ብቻ አልጻፍኩልህም። የአክስትህ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ቴሌግራም ላይ የተዘጋ ግሩፕ ውስጥ ገብተሃል አሉ። ስለ ሀገር ጉዳይ ትመካከራላችሁ አሉ። መመካከራችሁ አላስደነገጠኝም፤ በአንተ ዕድሜ ስለ ሀገሩ የማይመካከር ልጅ እንዲኖረኝም አልፈልግም። ያስደነገጠኝ አንተ ጸሐፊ ሆነህ የልጆቹን ስም፣ ያሉበትን ከተማና ስልክ ቁጥራቸውን በዝርዝር ይዘሃል መባሉ ነው። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ደብዳቤውን አስቀምጥና መጀመሪያ ዝርዝሩን አጥፋ። ከዚያ ተመልሰህ አንብብ። ልጄ፣ የሰው ስም ስልክህ ላይ አትጻፍ።

በአክስትህ ልጅ እንዳትቀየም። ስለሚወድህ ነው የነገረኝ። በስልክ ላወራህ ስላልፈለግሁ ነው ወረቀቱን ከበርበሬው ጋር በሰው እጅ የላክሁት። በርበሬውን እንዳገኘኸው ከላስቲኩ አውጥተህ ጠርሙስ ውስጥ ክተተው፤ እዚያ ያለው ወበቅ ያበላሸዋል።

አንተ አሁን ያለህበት የህንዱ ፑንጃብ ይህን ነገር ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ከሉዲያና ብዙ ሳይርቅ ሳራባ የምትባል መንደር አለች። እኔ ስሟን የሰማሁት ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነው። ሒሳብ ያስተምሩን የነበሩት መምህር ፑንጃቢ ነበሩ፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ እንደ ወተት የነጣ። አንድ ቀን ትምህርቱን ትተው የዚያች መንደር ልጅ ስለሆነው፣ ህንድን ከእንግሊዝ ነጻ ለማውጣት ስለታገለው ስለ ካርታር ሲንግ ሳራባ ነገሩን። ሰሌዳው ላይ 19 ብለው ጻፉና ዝም አሉ። ሲሰቀል የነበረው ዕድሜ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ታሪክ አስተማሪ ሆንኩ፤ የዚያን ልጅ ነገር ግን ከመጽሐፍ ሁሉ በፊት ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጻፍልህ።

ካርታር በ1896 ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ አያቱ አሳደጉት። በ1912 ለትምህርት ብሎ አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ወረደ። ያኔ በዚያ የባሕር ዳርቻ ብዙ ፑንጃቢዎች በእንጨት መሰንጠቂያና በእርሻ ቦታ ይሠሩ ነበር። ብዙዎቹ ለእንግሊዝ ንጉሥ ዘምተው የተመለሱ ወታደሮች ናቸው። በ1913 ጋዳር፣ ማለትም ዓመፅ፣ የሚባለውን ፓርቲ መሠረቱ። ሊቀመንበሩ ሶሃን ሲንግ ባክና ራሱ የእንጨት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጸሐፊው ሃር ዳያል የተማረ ሰው ነው፣ ስታንፎርድ አስተምሯል። ጋዜጣቸው ጥቅምት ውስጥ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 ቀን 1913 ወጣ። ካርታር ማተሚያውን በእጁ ያዞር ነበር። ጋዜጣው ላይ ያወጡትን ማስታወቂያ አስበው፦ ጀግና ወታደሮች ይፈለጋሉ፣ ደመወዙ ሞት፣ ሽልማቱ ሰማዕትነት፣ ጡረታው ነጻነት፣ የጦር ሜዳው ህንድ።

ሐሳባቸው ቀላል ነበር። እንግሊዝ ህንድን የያዘችው በህንዳዊ ወታደር ነው፤ ወታደሩ ከዞረ ሁሉም ነገር ያከትማል። ይህን እኛም እናውቀዋለን። በ1868 መቅደላ ድረስ የመጣው የናፒየር ጦር አብዛኛው ህንዳዊ ነበር። አሮጌ ሜዳ ላይ የእኛን ሰዎች ከገጠሙት መካከል ፑንጃቢዎች ነበሩበት። እና እነዚያ ልጆች የያዙት ሐሳብ ለህንድ ብቻ የሚበቃ አልነበረም። ለዚህ ነው የምወዳቸው።

በ1914 የአውሮፓ ጦርነት ሲነሳ፣ እንግሊዝ ሠራዊቷን ወደ ፈረንሳይ ስታጓጉዝ፣ ጊዜው አሁን ነው ብለው በየመርከቡ ተሳፈሩ። እዚህ ላይ ልቤ ይቆረጣል። ምስጢር ይዘው እየሄዱ በየወደቡ ስብሰባ ያደርጉ ነበር፤ ዓላማቸውን በግልጽ ይናገሩ ነበር። እንግሊዞች ጋዜጣውንም ያነባሉ፣ በየማኅበሩም ጆሮ አላቸው። ሶሃን ሲንግ ኦክቶበር ላይ ካልካታ ሲወርድ እዚያው ወደብ ላይ ተያዘ። ብዙዎች እንዲሁ ገና ሀገራቸውን ሳይረግጡ ታሰሩ።

ካርታር አመለጠና ገባ። ከመንደር መንደር በብስክሌት ይዞር ነበር። የጦር ሰፈሮች ውስጥ ገብቶ ወታደሮቹን ያናግራል። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው! አንተ በዚያ ዕድሜህ ካልሲህን እናትህ ናት የምታጥብልህ። በ1915 መጀመሪያ ራሽ ቤሃሪ ቦስ ከቤናሬስ መጥቶ መሪነቱን ያዘ። ይህ ሰው በ1912 ዴልሂ ላይ በእንግሊዙ እንደራሴ በሃርዲንጅ ላይ ቦምብ በተወረወረበት ሴራ ይፈለግ ነበር። የደን ምርምር ተቋም ጸሐፊ ሆኖ እየሠራ ነበር ሲያሴር የኖረው፤ ስሙንና ቤቱን እየቀያየረ ያልተያዘ ጠንቃቃ ሰው ነው።

ዕቅዱ የተቆረጠው ለፌብሩዋሪ 21 ነበር። ላሆር አጠገብ ሚያን ሚር የሰፈረው 23ኛው ፈረሰኛ ጦር ይነሳል፣ ፊሮዝፑር ላይ 26ኛው ፑንጃብ ይከተላል፣ ከዚያ ሚሩት፣ ከዚያ ሌላው።

ኪርፓል ሲንግ የሚባል ሰው ያስገቡት ለዚሁ ብለው ነው። የአጎቱ ልጅ 23ኛው ፈረሰኛ ውስጥ ወታደር ስለነበር ይጠቅመናል አሉ። ዘመድ አለው ተብሎ ታመነ። ሰውዬው ግን የፖሊስ ሰው ነበር። አብሯቸው በላ፣ አብሯቸው መከረ፣ ቀኑን ሄዶ ተናገረ። እነሱም በመጨረሻ ጠረጠሩት። ጠርጥረው ምን አደረጉ መሰለህ? ቀኑን ወደ 19 አሳጠሩት። እሱ ግን እዚያው መካከላቸው ስለነበር አዲሱንም ቀን አወቀ። ልጄ፣ ይህን ቦታ ደግመህ አንብበው። የከዳቸውን ሰው ከቤት ሳያስወጡ ቀኑን ቀየሩ። በ19 ፖሊስ ላሆር ውስጥ ቤቶቻቸውን ከበበ። የጦር ሰፈሮቹ ውስጥ የሚጠረጠሩት ወታደሮች መሣሪያቸውን ተቀሙ። ካርታር በዚያች ሌሊት ብዙ ሰዎች ይዞ ፊሮዝፑር ሄዶ ነበር። የሚከፈትለት በር አልነበረም። ተመለሱ።

ያስገባኸውን ሰው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? በግሩፑ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ፊት ለፊት አይተሃቸዋል? የእገሌ ዘመድ ነው ስለተባለ ብቻ የገባ የለም? የሰው ስም ስልክህ ላይ አትጻፍ የምልህ ለዚህ ነው።

ስለ ታላቅ ወንድሜ ብዙ አልነገርኩህም። እናትህም ብዙ አታውቅም። በቀይ ሽብር ጊዜ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ እሱ አሥራ አንደኛ ክፍል። ማታ ማታ ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ አያትህ ቡና ታፈላላቸዋለች፣ እኔን ውጭ ተጫወት ይሉኛል። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ ተያዘ። ልጁ ምንም እንዳልተነፈሰ በኋላ አብረውት የታሰሩት መስክረዋል። ነገር ግን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ለመዋጮ የሰዎች ስም የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ነበር። አምስት ብር የከፈለ፣ ሦስት ብር የከፈለ። የወንድሜ ስም ከላይ ሁለተኛው ነበር።

አያትህ ያንን በሰማች ሌሊት መጽሐፎቹን ሁሉ ምጣድ ስር ከተተች። ሊጥ ቀርቦ ነበርና እንጀራውን በዚያው እሳት ጋገረችው። ጠዋት በላነው። ወንድሜም በላ። ከሰዓት በኋላ መጥተው ወሰዱት። አስከሬኑን አላገኘንም።

እስካሁን የሚቆጨኝ ምን ፈልጎ እንደነበር ከራሱ አፍ አለመስማቴ ነው። ሰው ሁሉ ስለ እሱ ነገረኝ፣ እሱ ብቻ አልነገረኝም። አንተን ግን እጠይቅሃለሁ። ምን ፈልገህ ነው? ቁጭ ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ። አልቆጣህም። ከተሳሳትክ እነግርሃለሁ፣ ልክ ከሆንክም እነግርሃለሁ። በሌሎቹ ስም ግን አትጻፍልኝ፤ ስለ ራስህ ብቻ።

ወደ ካርታር ልመልስህ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ድንበሩ ሸሽቶ ነበር። ከሞት አምልጦ ሳለ ተመልሶ መጣ። ማርች መጀመሪያ ላይ ሳርጎዳ አካባቢ እንደገና ወታደሮችን ሲያነሳሳ ያዙት። ፒንግሌ የሚባለውን ጓደኛውን ደግሞ ሚሩት የጦር ሰፈር ውስጥ ከነቦምቡ ያዙት። በላሆሩ ችሎት ሃያ አራት ሰዎች ሞት ተፈረደባቸው። የአሥራ ሰባቱ ወደ ዕድሜ ልክ ግዞት ተቀየረ። ሰባቱ፣ ካርታርና ፒንግሌ አብረው፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1915 ተሰቀሉ። የ23ኛው ፈረሰኛ ወታደሮችም በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶባቸው ተገደሉ። እነዚህን ወታደሮች ነው አብዝቼ የማስባቸው። ስማቸውን የሚያነሳ የለም። ከእነሱ ብዙዎቹ አሜሪካ አልሄዱም፣ ጋዜጣ አላተሙም። አንድ ሰው ሰፈራቸው መጥቶ አናገራቸው፣ እሺ አሉ።

ራሽ ቤሃሪ አመለጠ። የባለቅኔው የታጎር ዘመድ ነኝ ብሎ በሐሰት ስም ጃፓን ገባ፤ እስከ 1945 ኖረ። ሶሃን ሲንግ አንዳማን ደሴቶች ተግዞ፣ ተፈትቶ፣ የህንድን ነጻነት በዓይኑ አይቶ በ1968 ዐረፈ። የካርታርን ፎቶ ግን ከእሱ በኋላ የተነሳው የነጻነት ታጋይ ባጋት ሲንግ ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር፤ እሱም በ1931 ላሆር ላይ ተሰቀለ። በከንቱ ሞቱ አልልህም። እንዲህ ብሎ ለመናገር አፌ አይደፍርም። የሚያንገበግበኝ በዚያች የፌብሩዋሪ ሌሊት የተያዙት ሁሉ በአንድ ሰው ምላስ መያዛቸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አልሸሽግህም። ገንዘብ ሲያጥራቸው የሀብታም ቤት እየገቡ ዘረፉ፣ ሰውም ሞተ። ይህን በክፍል ሳስተምር ድምፄ ይቀንስ ነበር። ነጻ አወጣሃለሁ ያልከውን የመንደር ሰው ቤት በሌሊት ከሰበርክ፣ በማግስቱ ማን ይደብቅሃል? በግሩፑ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያመጣ ሰው ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያው ሰዓት ውጣ። ይህን እንደ አባትህ አዝሃለሁ።

አቡሽ፣ አንተ ሰው ሀገር ነህ። ቪዛህ የተማሪ ነው። ፖሊስ ቢጠራህ የሚቆምልህ ዘመድ የለህም። አንተ ብትያዝ ደግሞ ስሙ ስልክህ ውስጥ ያለው ልጅ እዚህ ነው ያለው፤ እናቱ እንደ አያትህ ሌሊት ተነስታ ወረቀት ታቃጥል ይሆናል። እሷ ብታቃጥል እንኳ አንተ ጋ ያለውን ማቃጠል አትችልም። የሰው ስም አትጻፍ። የጻፍከውን አጥፋ። ስልክ ስትቀይር አሮጌውን ለማንም አትሽጥ፣ አምጣው።

አሁን የምልህን ልብ በል። የመኖሪያ ፈቃድህ የሚያበቃበትን ቀን አይተህ ከወር በፊት ማደስ ጀምር። ክረምታቸው እንደ እኛ አይደለም፤ በጃንዋሪ ጉሙ አጥንት ይገባል አሉ፣ ብርድ ልብስ ግዛ። ብሩን ባለፈው በላክንበት መንገድ እንልክልሃለን። የጨጓራ ክኒንህን በባዶ ሆድ መውሰድህን አትርሳ። በእሁድ ቅዳሴ እንደተፈታ ለእናትህ ደውል፤ ከእኔ ጋር ስለዚህ ጉዳይ በስልክ አታንሳ። መልስህን በታኅሣሥ ለዕረፍት በሚመጣው በጎረቤታችን ልጅ እጅ ላክልኝ። ፖስታውን ሙጫ አድርገህ እሸገው፣ ስሜንም ከላይ አትጻፍበት፤ ልጁ ለማን እንደሆነ ያውቃል።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

አባትህ