ካርቡራተሩን በሳሙና አትድፈነው

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሞተር ሳይክልህ ነገር ግን ከደወልክልኝ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠው ካርቡራተር ቤንዚን እያንጠባጠበ አስቸገረኝ፣ በሳሙና ደፍኜ እይዘዋለሁ አልከኝ። እባክህ አትድፈነው። በስልክ ተቻኩለን ስለነበር በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፤ መነጽርህን አድርገህ ረጋ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ ከየት እንደሚወጣ እይ። ካርቡራተሩን በጨርቅ ጠርገህ አድርቅና የቤንዚኑን መዝጊያ ክፈት። ቤንዚን የሚጠራቀምበት የታችኛው ጽዋ ከላዩ ጋር በሚገጥምበት ዙሪያ ከረጠበ ማሸጊያው ጎማ ደርቋል፤ ትቀይረዋለህ፣ አለቀ። ወደ ታች በወረደችው ቀጭን ቱቦ ከተንጠባጠበ ግን ብዙውን ጊዜ ጽዋው ከልክ በላይ እየሞላ ነው። ቱቦዋ የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ የተረፈው ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሳይሆን ወደ መሬት እንዲሄድ። እሷን ስትደፍናት ቤንዚኑ መውጫ ሲያጣ ወደ ሞተሩ ይገባል።

እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። መሬት ላይ ያለው ጠብታ ቢያናድድም ይታያል። ሲሊንደር ውስጥ የገባው አይታይም። ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ያቀጥነዋል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል። ብዙ ከገባማ ፈሳሽ ስለማይጨመቅ የፒስተኑ ክንድ ሊጣመም ይችላል። ስለዚህ ከማስነሳትህ በፊት የዘይቱን ልክ እይ፣ አሽትተውም። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ወይም ልኩ ከፍ ብሎ ካገኘኸው፣ ሳትቀይረው እንዳታስነሳ።

ስትፈታ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይሁን። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ እሳት ካገኘ ይያያዛል። ባትሪውን ንቀል። መዝጊያውን ዝጋና የጽዋውን ቤንዚን ከታች ባለው ብሎን በኩል አውጥተህ በዕቃ ተቀበለው። የአንተው የድሮ የጃፓን ሥሪት ስለሆነ የመስቀል ብሎኖቹ ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር ልክ አይገጥሙም፣ ጭንቅላታቸው ይበላል። የሚሆነውን ካቻቢቴ እልክልሃለሁ፤ እስኪደርስ አትነካካው።

ጽዋው ሲወርድ ተንሳፋፊውን ታገኘዋለህ። ሥራው የውሃ ታንከር ውስጥ እንዳለው ኳስ ነው፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ከፍ ይልና መርፌዋን ወደ መግቢያው ገፍቶ ይዘጋል። ፒኑን በቀስታ ገፍተህ ስታወጣው መርፌዋም አብራ ትወጣለች። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእሷ ነው። ጫፏን ብርሃን ላይ ይዘህ በማጉያ መነጽር እያት። ደህናዋ መርፌ ሾጣጣ ጫፏ ልስልስ ያለ ነው። ያረጀችው መቀመጫዋ ላይ ስትጫን በኖረችበት ቦታ ዙሪያዋን የቀለበት ምልክት ይዛለች፤ በጥፍርህ ብትዳስሳት ይይዝሃል። ምልክቱ ካለ ማጽዳት አያዋጣም። ትቀየር፤ መቀመጫዋም የሚፈታ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

ምልክት ከሌላት የጽዋውን ግርጌ እይ። ቡናማ ደቃቅ ካለ የታንኩ ዝገት ነው፤ መርፌዋ ሥር ገብቶ እንዳትዘጋ ያደርጋታል። ታንኩን ሳታጸዳና ማጣሪያ ሳታስገባ ብትገጥመው ያው ይመለሳል። ቀጫጭኖቹን የቤንዚን ቀዳዳዎች ደግሞ በሽቦ አትጎርጉር፣ ይሰፋሉ።

ተንሳፋፊውን ጆሮህ አጠገብ ነቅንቀው። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተበስቷል ማለት ነው። በብየዳ እደፍነዋለሁ እንዳትል፤ የቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላል። ከፍታው በሚሊሜትር ይለካል፣ ልኩ መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። ልኩን ከሳተ አዲስ መርፌ አስገብተህም ይፈሳል።

ሙሉ አዲስ ካርቡራተር ግዛ የሚልህ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ርካሾቹ ቅጂዎች የቤንዚን ልካቸው ለሞተርህ ላይሆን ይችላል፤ ያኔ ሌላ ጣጣ ነው። የአንተ ካርቡራተር ሰውነቱ ደህና ነው፣ የሚያስፈልገው ትናንሽ ዕቃ ነው።

ከገጠምክ በኋላ መዝጊያውን ክፈትና ሳታስነሳ ትንሽ ጠብቅ። ጠብታ ከሌለ አስነሳው። ከዚያ በኋላም ባቆምከው ቁጥር መዝጊያውን ዝጋ።

ወገብህን ስለማውቀው መሬት ላይ ቁጢጥ ብለህ አትሥራ፣ በርጩማ ይኑርህ። መርፌዋን ስታወጣ ጫፏን በስልክህ ቀረብ አድርገህ አንሳና ላክልኝ፣ መለዋወጫውን እኔ እፈልጋለሁ። እማዬን ሳምልኝ።

የምትወድህ ልጅህ