የሙዚየም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፈቃዱ አለን፣ ቀለሙ የለንም

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሥዕል አውራጆች» ይሉናል። እውነት ነው፣ ከሙዚየሞች ድረ ገጽ ምስል እናወርዳለን፤ ግን መጀመሪያ የአጠቃቀም ፈቃዱን እናነባለን። አምና እኔም አላነብም ነበር። የአምናው የግድግዳ መጽሔታችን ሥዕሎች በሙሉ ምንጫቸው ሳይጠቀስ ከጉግል የተለቀሙ ናቸው።

ዘንድሮ በየዓርቡ ተሰብስበናል፣ ሥራ አስፈጻሚ መርጠናል፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ ስላለ አልደግመውም። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ጠፍቶ ሦስት ዓርብ ባክኖብናል።

አንዷን ዓርብ ግን አልረሳትም። ለክበቡ ገቢ ብለን በወላጆች ቀን የሚሸጡ ፖስትካርዶች ልናትም ሃያ ምስል መርጠን ጨርሰናል። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄኛው እኮ አይሸጥም።» የብሪቲሽ ሙዚየም ፎቶ ነው። ምንጭ ጠቅሶ ለማስተማሪያ መጠቀም ይቻላል፣ ለንግድ ግን አይፈቀድም። «ገቢው ለትምህርት ቤት አይደል?» ብዬ ላልፍ ስል፣ «ክፍል ውስጥ ብናሳየው ትምህርት ነው፤ ከሸጥነው ሽያጭ ነው» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከሃያው ሰባቱን አወጣን።

ምትክ አላጣንም። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ375,000 በላይ፣ የአሜሪካው የሙዚየሞች ተቋም ስሚዝሶኒያን ደግሞ በ2020 ወደ 2.8 ሚሊዮን ያህል ምስሎችን «ሲሲ ዜሮ» (CC0) በሚባለው፣ ባለቤቱ መብቱን በሚተውበት ፈቃድ ለቀዋል፤ አትሞ መሸጥም ይቻላል፣ ስም መጥቀስ እንኳ ግዴታ አይደለም። (እኛ እንጠቅሳለን።)

ያቺው ልጅ ከአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቬርሜርን «ወተት የምትቀዳ ሴት» የተባለ ሥዕል መረጠች። የዚህ ሥዕል ቀለማቸው ተበላሽቶ ወደ ቢጫ ያደሉ ቅጂዎች ኢንተርኔቱን ከማጥለቅለቃቸው የተነሳ ጎብኚዎች በሙዚየሙ ሱቅ የሚሸጠውን ትክክለኛውን ፖስትካርድ አላምን ብለው ነበር። ሙዚየሙም ጥራት ያለውን ምስል በነፃ ለቀቀው። ልጆቹ በዚህ ሲስቁ የኛ ማተሚያ ሰማያዊ ቀለም አልቆበት ኖሮ ሴትዮዋን ከነሰማያዊ ሽርጧ ቢጫና ቀይ አድርጎ ተፋት። ልጅቷ ወረቀቱን ከስክሪኑ ጎን ይዛ አየችውና «የሙዚየሙ ድካም እኛ ጋ ሲደርስ ከንቱ ሆነ» አለች።

ፖስትካርዶቹ ለወላጆች ቀን አልደረሱም። ቀለም የጠየቅንበት ደብዳቤ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ መልስ ይጠብቃል። ሃያዎቹ ፋይሎች፣ የእያንዳንዳቸው ፈቃድ ከጎናቸው ተጽፎ፣ የኔ ፍላሽ ላይ አሉ። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆች ዓርብ ከሰዓት ብቅ በሉ፤ ክፍሉ ክፍት ነው፣ ቁልፉ ከተገኘ።